የእትዬ አበበችና የኮምፒዩተሩ ዕርቅ

ፋና በዚህ ዓለም ላይ ሁለት ነገር ትፈራለች፤ እግዚአብሔርንና የዱከምን ሚኒባስ። እግዚአብሔርን መፍራት ከቤተሰቧ የወረሰችው ነው። ሚኒባሱን ግን ማንም አላስተማራትም፤ አራት ዓመት ሙሉ ከአዳማ ዱከም ፋብሪካ ስትመላለስ በራሷ ጉልበት የደረሰችበት ነው። ጉልበት ሲባል ደግሞ እውነተኛው ጉልበት ነው፤ ቀኙ ከሞተሩ ሽፋን ጋር፣ ግራው ከማያውቁት ሰው ጆንያ ጋር ተጣብቆ ነው አራቱ ዓመት ያለፈው።

ስለዚህ አቶ ገሠሠ፣ አዳማ ውስጥ የታወቀው የከባድ መኪና መለዋወጫ መደብር ባለቤት፣ «አሮጌውን የኮምፒዩተር ፕሮግራም በአዲስ የሚተካልኝ የተማረ ሰው እፈልጋለሁ» ሲሉ፣ ፋና ደመወዙን እንኳ ሳትጠይቅ እሺ አለች። መደብሩ ከቤቷ በባጃጅ ሰባት ደቂቃ ነው። ጠዋት ቁርሷን ተቀምጣ በልታ ልትወጣ ነው። የሰው ልጅ ይህን ያህል ምቾት ይገባዋል ወይ ብላ ራሷን ጠርጥራለች።

አቶ ገሠሠ ግን እንዲሁ በባዶ እሺ የሚሉ ሰው አልነበሩም። «የሙከራ ጊዜሽ ሦስት ወር ነው» አሏት። «ሐምሌ ሠላሳ አዲሱ ፕሮግራም ሥራውን ከሠራ ቋሚ ትሆኛለሽ። ካልሠራ ግን፣ የኔ ልጅ፣ ተመራርቀን እንለያያለን።» ተመራርቆ መለያየት ማለት ወደ ዱከም ሚኒባስ መመለስ መሆኑ ለፋና ወዲያው ገባት። ግራ ጉልበቷም ገባው መሰለኝ፣ ቁርጥም አደረጋት።

አሮጌውን ፕሮግራም የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት የጻፉት ጋሽ ዲበኩሉ የተባሉ የሒሳብ መምህር ናቸው። ጥቁር ገጽ ላይ አረንጓዴ ፊደል ያወጣል። ማውስ አያውቅም፣ ኢንተርኔት አያውቅም፣ የተጫነበት ኮምፒዩተርም ጠዋት ሲነሣ አስም እንዳለበት ሰው ያፏጫል። ሥነ ሥርዓት ግን ያውቃል። ከፊቱ የሚቀመጡት አንድ ሰው ብቻ ስለሆኑ መልእክቱ ሁሉ የተጻፈው በስማቸው ነው። «እትዬ አበበች፣ እንደምን አደሩ» ይላል። «እትዬ አበበች፣ ጥቂት ይታገሡኝ፣ እየፈለግሁ ነው» ይላል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣማ «እትዬ አበበች፣ ይቅርታ፣ ጥፋቱ የእኔ አይደለም» ይላል።

እትዬ አበበች ሃምሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ሰቅለው፣ ባንኮኒው ጀርባ እንደ ዳኛ ተሰይመው ይውላሉ። የሞጆ ሾፌሮች ገና ከበር «እትዬ፣ የኋላ ኩሽኔታ!» ብለው ይጮኻሉ። እሳቸው በሁለት ጣት ይጽፋሉ፣ ገጹን አንድ አፍታ ያያሉ፣ ከዚያ «ጉቱ፣ ሦስተኛው መስመር፣ ከላይ፣ ከሰማያዊው በርሜል ጎን» ይላሉ። የዕቃ ክፍሉ ሠራተኛ ጉቱ ይሮጣል፣ ዕቃው እዚያው ይገኛል። ፋና ይህን ባየች ቁጥር «ይህ ፕሮግራም አሮጌ ይባል እንጂ ፍጥነቱ ጉድ ነው» እያለች ትገረም ነበር። እዚህ ላይ ነው የዋህነቷ የሚጀምረው።

ሦስት ወር ቀላል ሥራ አልሠራችም፣ ይህን አንካድ። አዲስ አበባ ካለ አንድ ኩባንያ አዲሱን ፕሮግራም አስመጣች፣ የስምንት ሺህ ሁለት መቶ አሥራ አራት ዕቃ መረጃ ከአሮጌው ወደ አዲሱ አሻገረች፣ ጉቱን አሠለጠነች። ስታሻግር አንድ ነገር አይታለች። ዕቃው የት መደርደሪያ ላይ እንዳለ የሚነግረው ቦታ ላይ፣ ስድስት ሺህ ለሚሆኑት ዕቃዎች አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ተጽፏል፤ «እትዬ አበበችን ይጠይቁ»። ግራ ገባትና ወለንጪቲ ጡረታ ወጥተው ሽንኩርት ለሚያለሙት ለጋሽ ዲበኩሉ ደወለች።

«እሱ ለጊዜው ነው» አሉ ጋሽ ዲበኩሉ ሳያስቡ። «መደብሩ ከድሮው ግቢ ወደዚህ ሲዛወር ዕቃው ሁሉ ቦታ ቀየረ። አዲሱ ቦታ እስኪመዘገብ ፕሮግራሙ የማያውቀው ሲገጥመው እንዲህ ይበል ብዬ ነው።»

«መቼ ነው የተዛወረው ጋሼ?»

«ሚሊኒየሙ የተከበረ ዓመት።»

ፋና ቆጠረች፤ አሥራ ሰባት ዓመት። ያን ጊዜ እሷ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ማስታወሻዋ ላይ «የቦታ መረጃ፦ በኋላ ይጣራል» ብላ ጻፈችና አለፈች። የጋሽ ዲበኩሉ «ለጊዜው» እና የእሷ «በኋላ» የአንድ እናት ልጆች መሆናቸውን አላስተዋለችም። እትዬ አበበችን ደግሞ «በዚህ ዕድሜያቸው ከወዲሁ አላስጨንቃቸው፣ በመጨረሻው ቀን አንድ ሰዓት አሳያቸዋለሁ» ብላ ተወቻቸው። ደግነት መስሏት ነው።

ሐምሌ አሥራ ስድስት ጠዋት አዲሱ ፕሮግራም ተከፈተ። አቶ ገሠሠ ለሁሉም ለስላሳ ገዝተው በሰሌን ኮፍያቸው አራገቡ፤ የአዳማ ሐምሌ ዝናቡን ለሌላ አገር ሰጥቶ ለራሱ ሙቀቱን አስቀርቷል። እትዬ አበበች አዲሱ ፕሮግራም የተጫነበት ላፕቶፕ ፊት ተቀመጡ። ያን ዕለት ፀጉራቸውን ተሠርተው ነበር የመጡት፣ ፋና ግን ይህንንም ልብ አላለችም። የመጀመሪያው ደንበኛ ሐጂ አብዱልጀባር ሆኑ። ሐጂ የአርሲ ሰው ናቸው፤ አምስት የጭነት መኪና አላቸው፣ አንደኛው ጭነቱን እንዳዘለ የኋላ ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ተሰብሮበት ሞጆ ላይ ተገትሯል።

እትዬ አበበች «ኩሽኔታ» ብለው ጻፉ። ገጹ ቀላ። «ስህተት። ተሳስተሃል። እንደገና ሞክር።»

ጉቱ ፊደል በፊደል የሚያነብ ሰው ስለሆነ፣ ሌላው ሁሉ አንብቦ ከደነገጠ በኋላ ጮክ ብሎ «ተ-ሳስ-ተ-ሃል» አለ።

እትዬ አበበች ፊታቸው አልተለወጠም። «የኋላ ጎማ ኩሽኔታ» ብለው እንደገና ጻፉ። አሁን የኩሽኔታው ፎቶ መጣ፣ ዋጋው መጣ፣ የተሠራበት አገር መጣ፣ ከታች በኩልም አንድ መስመር መጣ። እትዬ አበበች ያንን መስመር አነበቡ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ አጣጠፉ፣ ማኅደሩ ውስጥ ከተቱ። ቦርሳቸውን አነሡ። «ደህና ዋሉ» አሉና ወጡ።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ነበር። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት ወጥተው አያውቁም።

«አንተ አላቸው እኮ» አለ ጉቱ፣ ዓይኑን ከበሩ ሳይነቅል።

«አንተ ብቻ መች ሆነ» አሉ ሐጂ። «ሴትዮዋን ወንድ አደረጋት። ያውም ታናሽ ወንድ።»

ፋና ስልኳን አንሥታ ደወለች። የእትዬ አበበች ስልክ ዝግ ነው። ዝግ ሆኖ አያውቅም፤ ሰርግ ላይም፣ ለቅሶ ላይም፣ ቤተ ክርስቲያንም ያነሡት ነበር። ከዚያ በኋላ አዲሱ ፕሮግራም ስለ ኩሽኔታው የሚያውቀውን ሁሉ ተናገረ፤ ክብደቱን ያውቃል፣ ስፋቱን በሚሊሜትር ያውቃል፣ የት እንዳለ ብቻ አያውቅም። አቶ ገሠሠ፣ ጉቱ፣ ፋናና ሐጂ አራቱም ወደ ዕቃ ክፍሉ ገቡ። እስከ ምሳ ሰዓት ሲፈልጉ የጠፋ የግድግዳ ሰዓት አገኙ፣ አምና የሞተች የመሰለቻቸው ድመት ከነልጆቿ አገኙ፣ ሁለት የባሌስትራ ብረት ጉቱ እግር ላይ ወደቀ። ኩሽኔታ የለም።

ፋና አዲስ አበባ ያለው ኩባንያ ደወለች። ሶሲ የምትባል ልጅ አነሣች።

«ፕሮግራማችሁ አንድ ትልቅ ሰውን አንተ ብሎብናል።»

«አዎ፣ አማርኛው የተተረጎመው እንዲያ ነው» አለች ሶሲ ሳትደነግጥ። «ሴት ናቸው? ቆዪ ላስተካክለው።»

አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ገጹ «ተሳስተሻል» አለ።

«አሁን ደግሞ ልጃገረድ አደረጋት» አሉ አቶ ገሠሠ ከፋና ትከሻ በላይ አጮልቀው።

«እርስዎ አሰኚው ሶሲዬ፣ በእግዚአብሔር» አለች ፋና።

ሶሲ እርስዎ አሰኘችው። ችግሩ ፕሮግራሙ ሰው አይለይም፤ እርስዎ ካለ ሁሉንም እርስዎ ነው። ከሰዓት በኋላ ጉቱ በራሱ ስም ሲገባ ገጹ «እንኳን ደህና መጡ፣ አቶ ጉቱ» አለው። ጉቱ ሦስት ጊዜ አነበበው። ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ለአርባ ሁለት ዓመት አቶ ያለው ፍጡር አልነበረም፣ የቀበሌ ደብዳቤም ቢሆን በደፈናው «ነዋሪ» ነው የሚለው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ኮት ለብሶ ተገኘ። አቶ ገሠሠ «ጉቱ፣ ና ይሄን ጎማ አንሣ» ሲሉ፣ «እመለከተዋለሁ» አላቸው። ሐጂ ተመልሰው ሲገቡ በኦሮምኛ እንደምን አለህ ለማለት «አካም ጅርታ ጉቱ» ቢሉት፣ «አካም ጅርቱ ቢሉኝ ይሻላል ሐጂ» አለ። «ኮምፒዩተሩም በብዙ ቁጥር ነው የሚጠራኝ።» ወዲያው ደግሞ መደገፊያና ጎማ ያለው ወንበር ጠየቀ።

ማታው ሳይመጣ አቶ ገሠሠ በሩን ዘግተው ፋናን አስቀመጧት። «ኮምፒዩተሩ ሠራ፣ ሱቁ ቆመ» አሉ። «ይኼ ነው እንግዲህ ዘመናዊው?» ፋና ዓይኗ ላይ የመጣባት የዱከም ሚኒባስ ረዳት ነው፤ «አንድ ሰው፣ አንድ ሰው» እያለ በጣቱ ይጠራታል።

መላ ያመጡት ሐጂ ናቸው። «ይህ ጥል ነው» አሉ። «ጥል ደግሞ በሽማግሌ ነው የሚፈታው። መቼም የእኔ መኪና ሞጆ ላይ አይሸብትም።»

«ሐጂ፣ የተጣሉት እኮ ከኮምፒዩተር ጋር ነው» አለች ፋና።

«እኛ ስንት ሰው ከጎረቤት በሬ ጋር አስታርቀናል።»

አቶ ገሠሠ በነገሩ ተስማሙ። ሦስተኛ ሽማግሌ ሆነው የእትዬ አበበች ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ጋሽ ገላና ተጨመሩ። ክርክር የተነሣው በአካሄዱ ነው። ሐጂ «በዳይ ሳይቀርብ ዕርቅ የለም» ስላሉ ላፕቶፑ እንዲሄድ ተወሰነ። ቀጥሎ «በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ነው ይቅርታ የሚጠይቀው» አሉ። ጋሽ ገላና «ልብ ከተመለሰ ድንጋይ አያስፈልግም» ብለው ተቃወሙ። «ልብ የለውማ፣ ስለዚህ ድንጋይ ያስፈልገዋል» አሉ ሐጂ። አቶ ገሠሠ ስክሪኑ እንዳይሰበር ድንጋዩ ትንሽ ይሁን ብለው አስታረቁ። ሽምግልናው ከመጀመሩ በፊት አንድ ዕርቅ አለቀ ማለት ነው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሁለት ባጃጅ ሞልተው ሄዱ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። ፋና ላፕቶፑን በጭኗ ይዛለች። ጉቱ ከነኮቱ ከፊት ተቀምጦ የእንቁላል ታህል ድንጋይ በመሐረብ ጠቅልሎ ይዟል።

እትዬ አበበች በሩን ሲከፍቱ ሽማግሌዎቹን ከላይ እስከ ታች አዩ። «ለማን ልትጠይቁ ነው?» አሉ። «ልጄ እንደሆነች ካገባች አራት ዓመቷ ነው።»

«ለዕርቅ ነው የመጣነው» አሉ አቶ ገሠሠ።

«ከማን ጋር?»

ሁሉም ወደ ፋና ጭን... አሁን ቆማለች እንጂ፣ ወደ ፋና ክንድ ተመለከቱ። ላፕቶፑ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፣ አንገቱን የደፋ እንዲመስል ክዳኑ በግማሽ ተከደነ፣ ጉቱ ድንጋዩን ከቁልፎቹ በታች ጠርዙ ላይ አኖረ። ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠርገው ስለ ትዕግሥት፣ ስለ ጉርብትና፣ ልጅ ስለ ማጥፋቱና ታላቅ ስለ መተዉ፣ በመሐልም ሞጆ ስለ ቆመው መኪናቸው ረዘም አድርገው ተናገሩ። ከዚያ ለፋና ጥቅሻ ሰጧት። ፋና ክዳኑን ቀና አድርጋ አንድ ፊደል ነካች። ሶሲ ሌሊቱን ሙሉ ሳይሆን በአምስት ደቂቃ የጻፈችው መልእክት ወጣ፤ «እትዬ አበበች፣ አጥፍቻለሁ። ዳግመኛ አይለምደኝም።»

እትዬ አበበች አነበቡት። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጋሽ ገላና እያለቀሱ መስሏቸው መሐረብ ሊያቀብሉ ሲሉ፣ እትዬ አበበች ሳቁ አመለጣቸው። ሳቁ እንባ አመጣ፣ እንባው መነጽር አስወለቀ፣ መነጽሩ ሲወለቅ ድንጋዩን እንደገና አይተው እንደገና ሳቁ። በክብር ተቀምጦ የነበረው ጉቱም በሳቅ ፈነዳ።

«አንተ ስላለኝ ነው የሄድኩት ብላችሁ ነው?» አሉ ትንፋሻቸውን ሲሰበስቡ። «ሃያ ሁለት ዓመት ከከባድ መኪና ሾፌር ጋር ስሠራ ያልተባልኩት አለ? አንድ ጊዜ የሐጂ ሾፌር፣ ካምቢዮ የለም ብዬው፣ እዚህ የማይደገም ነገር ብሎኛል።»

ሐጂ ወደ ጣራው አዩ።

«ታዲያ ምን አስከፋዎት እትዬ?» አለች ፋና።

«የታችኛው መስመር።»

ፋና ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባት።

«ልጄ ሻሸመኔ ወልዳለች» አሉ እትዬ አበበች። ለፋና ብቻ ነበር የሚናገሩት። «ልጇ ሁለት ዓመቱ ነው። ሁለት ጊዜ ሄድኩ፣ ሁለቱንም ጊዜ ታቅፌው ስልክ ነው ያወራሁት። ፍሪሲዮን የት አለ፣ ጓርኒሲዮን የት አለ። ከሕፃኑ አፍ የወጣው የመጀመሪያ ቃል ምን ይመስልሻል? ኩሽ። አባቱ ኩሽኔታ ነው ይላል። አዲስ ፕሮግራም ይመጣል ሲባል ከሁላችሁም በላይ ደስ ያለኝ እኔ ነኝ። ሻንጣዬን ከቁም ሣጥን አናት አውርጄ አቧራውን ጠረግሁ፣ ፀጉሬን ተሠራሁ። ከዚያ ስከፍተው ምን ይለኛል? እትዬ አበበችን ይጠይቁ።» እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «እኔ እኮ ነኝ እትዬ አበበች። ማንን ልጠይቅ?»

ማንም አልሳቀም። ጉቱ እንኳ አልሳቀም።

«አሮጌውም የሚያውቀው ነገር አልነበረም እንዴ?» አሉ አቶ ገሠሠ። «አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ?»

«እሱ እንደምን አደሩ ይለኛል፣ እኔ ቦታውን እናገራለሁ። ተከባብረን ኖርን።» ወደ ፋና ዞሩ። «አንቺ ግን ሦስት ወር አጠገቤ ተቀመጥሽ። እትዬ አበበችን ይጠይቁ የሚለውን ስድስት ሺህ ጊዜ አሻገርሽው። አንድ ቀን እንኳ ዞር ብለሽ አልጠየቅሽኝም።»

ፋና አፈረች። ያፈረችው ሥራዋ ስለ ተበላሸ አልነበረም፤ አሮጌ ናቸው ብላ ከአሮጌው ኮምፒዩተር ጋር አብራ ስለ ቆጠረቻቸው ነው። «ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ» አለች። ከዚያ ድንጋዩን ከላፕቶፑ ላይ አንሥታ የራሷ ትከሻ ላይ አደረገችው። ተንሸራቶ ወደቀና የጉቱን ያበጠ እግር መታው።

«በቃ፣ በቃ» አሉ እትዬ አበበች። «እግሩን ልትጨርሱት ነው። ይልቅ አሁን ጠይቂኝ።»

«መጀመሪያ የኔን ኩሽኔታ» አሉ ሐጂ።

«መጸዳጃ ቤቱ በር ጀርባ፣ የብስኩት ካርቶን ውስጥ።»

ከዚያ በኋላ ያለው አሥራ ሁለት ቀን ሥራ ብቻ ነው። ጉቱ መደገፊያ ያለውን ወንበር አግኝቶ ነበር፤ በገዛ ፈቃዱ ለእትዬ አበበች ለቀቀው፣ ከመስመር ወደ መስመርም እሱ ራሱ ወንበሩን ይገፋል፣ ኮቱን ሳያወልቅ። እሳቸው እየጠቆሙ ይናገራሉ፣ ፋና ትጽፋለች። «ይህ ለምን እዚህ ሆነ?» ትላለች። መጀመሪያ እንዲሁ መስሏት ነበር፤ ሁሉም ምክንያት ነበረው። ከባዱ ታች የሆነው ጉቱ ወገቡን ያመው ስለነበር ነው። ለዓሰላ መንገድ መኪኖች የሚሆነው የፍሬን ሸራ በሩ አጠገብ የሆነው ቁልቁለቱ ቶሎ ስለሚበላውና እነሱ ሁልጊዜ ስለሚቸኩሉ ነው። የብስኩት ካርቶኑ ምስጢር ግን ቀላል ነው፤ ብስኩቱን የበሉት እትዬ አበበች ናቸው። ፋና በአሥራ ሁለት ቀን ውስጥ ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ከተማረችው የበለጠ ተማረች፣ ይህንንም ሳታፍር ለእናቷ ነገረቻት።

አቶ ገሠሠ የመጨረሻውን ፈተና አወጡ። ሐምሌ ሠላሳ እትዬ አበበች ማለዳ ሻሸመኔ ይሄዳሉ። መደብሩ ቀኑን ሙሉ ያለ እሳቸው ይሠራል። ማንም እንዳይደውል ተብሎ የሁሉም ስልክ ተሰብስቦ አንድ ካርቶን ውስጥ ገባ፣ አቶ ገሠሠም ራሳቸውን ስላላመኑ ካርቶኑ ላይ ባትሪ ጫኑበት። የከባድ መኪና ባትሪ ነው፣ ለማንሣት ሁለት ሰው ይፈልጋል።

የመጀመሪያው ሾፌር መጣ። ፋና ጻፈች። «አቶ ጉቱ፣ አምስተኛው መስመር፣ ከታች» አለች፤ አቶ ማለቱን እሷም ለምዳዋለች። ጉቱ ሄደ፣ አቶ ገሠሠ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ዕቃው መጣ። ሁለተኛው መጣ፣ ተገኘ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ሃያ ሦስት ሰው መጥቶ ሃያ ሦስቱም የሚፈልገውን ይዞ ሄደ። አቶ ገሠሠ ተነሥተው የፋናን እጅ ጨበጡ። «ከነገ ጀምሮ ቋሚ ነሽ» አሉ። «አበበችም ስትፈልግ ታረፍዳለች፣ ስትፈልግ ትቀራለች።» ፋና በደስታ ሁለቱንም ጉልበቷን ባንኮኒው ሥር ዘረጋጋች፤ የሚነካቸው ጆንያ የለም።

ያኔ ነው ካርቶኑ የጮኸው። ጉቱና አቶ ገሠሠ ተጋግዘው ባትሪውን እስኪያነሡ ሁለት ጊዜ ጮኾ ቆመ፣ በሦስተኛው ፋና አነሣችው። እትዬ አበበች ናቸው።

«ምነው፣ ማንም አልደወለም» አሉ።

«ሥራው ደህና ነው እትዬ። ሁሉም ተገኘ።»

«የሐጂ ራዲያተርስ?»

«ተገኘ።»

«ያ ፍሪሲዮንስ? እሱን እንኳ አታገኙትም።»

«ተገኘ እትዬ።»

«አሃ» አሉ። ደስ እንዳላቸው ያስታውቃል። ከደስታው ሥር ግን ሌላ ነገር ነበር፣ ፋና ሰማችው። ሃያ ሁለት ዓመት በየሰዓቱ የሚጠየቅ ሰው፣ አንድ ቀን ሙሉ ማንም ሳይጠይቀው ሲውል እጁን የት እንደሚያደርገው አያውቅም። ስልኩ ውስጥ የሕፃን ጩኸት ተሰማ።

«እሺ እንግዲህ» አሉ። «ደህና ዋሉ።»

«እትዬ፣ ይቆዩ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች ፋና።

«ጠይቂ» አሉ ወዲያው፣ ድምፃቸው ተነሣ። «ምን ጠፋ?»

ምንም አልጠፋም። ፋና ዞር ዞር ብላ መደርደሪያዎቹን አየች፣ ሁሉም በቦታው ነው፣ ሁሉም ተመዝግቧል።

«ሕፃኑ ማንን ይመስላል?» አለች።

እትዬ አበበች ጉሮሯቸውን ጠረጉና ከቅንድቡ ጀመሩ። ሃያ አራተኛው ሾፌር በር ላይ ቆሞ «ኩሽኔታ!» ብሎ ቢጮኽ ፋና በእጇ ወደ ጉቱ አሳየችው፣ ወንበሩን ሳብ አድርጋም ተቀመጠች።